ርካሹ ብረት ጠቋሚ ለምን ይበጃል? ለምንስ አይበጅም?



በአሜሪካ የሚገኝ አንድ የኢትዮጵያውያን ወንጌላውያን ኅብረት ገንዘብ አዋጥቶ አሥር ብረት ጠቋሚ መሣሪያዎች ሊልክልን እንዳሰበ ጻፈልን። ከደብዳቤው በኋላም ሁለት መሣሪያዎችና አንድ ተጨማሪ ኮይል ለናሙና ደረሱን። የወገኖቻችን አሳብ ቅን ነው። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ በተካሄደው ጦርነት ምክንያት በትግራይ፥ በአማራና በአፋር ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ በእርሻና በግጦሽ መሬት ላይ ቀርቷል። ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩን ከማንሣቱ በፊት ይፈራል፤ እረኛ ልጆችም የሚያብለጨልጭ ነገር አንሥተው እጃቸውን ያጣሉ። እንግዲህ አንድ መሣሪያ ከአንድ የእርሻ በሬ ዋጋ ባነሰ ገንዘብ የሚገኝ ከሆነ፥ በየቀበሌው አንድ አንድ ብናድል ገበሬው ራሱ መሬቱን ሊያጸዳ አይችልምን? የወገኖቻችን ጥያቄ ይህ ነበር።

እኛም «ለዚህ ሥራ አይሆንም» ብለን መለስን። መልሳችን አጭር ስለ ነበረ አንዳንዶቹን ሳያሳዝን አልቀረም፤ «ሰው የሚሰጠውን እናንተ ትመልሳላችሁን?» ብለው የጻፉልንም አሉ። ይህ ወቀሳ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱን አብራርተን መጻፍ ነበረብን። ስለዚህ መሣሪያዎቹን በግቢያችን አፈር ላይ ከሞከርናቸው በኋላ፥ ምን እንደሚችሉና ምን እንደማይችሉ እነሆ እንገልጻለን።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

የመሣሪያው ልብ በዘንጉ ጫፍ ላይ የምታዩት ሳህን የሚመስል ነገር ነው። ኮይል ይባላል፤ በውስጡ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ አለበት። በአንደኛው ጥቅል ሽቦ ውስጥ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ አቅጣጫውን የሚለዋውጥ ኤሌክትሪክ ይተላለፋል፤ በዚህም ምክንያት ከሳህኑ በታች ባለው አፈር ውስጥ የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል። መስኩ ብረት፥ መዳብ ወይም አሉሚኒየም ሲያገኝ በዚያ ዕቃ ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ዙረት ያስነሣል፤ ዙረቱም የራሱን ደካማ መስክ ወደ ላይ ይመልሳል። ሁለተኛው ጥቅል ሽቦ ይህን መልስ ይሰማና በጆሯችን ድምፅ ይሆናል። መሠረቱ ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 የደረሰበት ሕግ ነው፤ የዛሬ ጀነሬተሮችም በዚሁ ሕግ ይሠራሉ።

እ.ኤ.አ. በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት በተመቱ ጊዜ፥ በስልክ ሥራው የታወቀው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በዚህ ዓይነት መሣሪያ ጥይቱን በሰውነታቸው ውስጥ ሊፈልግ ሞክሮ ነበር። አልሆነለትም። ፕሬዚዳንቱ የተኙበት አልጋ ስፕሪንግ ብረት መሣሪያውን እንዳሳሳተው ይነገራል። ስለዚህ የማይፈለገውን ብረት ከሚፈለገው የመለየት ችግር ከመሣሪያው ጋር አብሮ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1942 በኤል አላሜይን በረሃ የእንግሊዝ ጦር የፖላንዱ መኮንን ዮዜፍ ኮሳትስኪ የሠራውን ፈንጂ መፈለጊያ ተጠቀመ፤ ክብደቱ ወደ 14 ኪሎ ይጠጋ ነበር። ዛሬ ለጀማሪ የሚሸጠው አንድ ኪሎ ከግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ሕፃንም ሊይዘው ይችላል። ቅለቱና ርካሽነቱ ግን ለምን ሥራ እንደ ተሠራ ሊያስረሳን አይገባም።

ስለ ጥልቀት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ዕቃው በእጥፍ ጥልቀት ቢቀበር ድምፁ በግማሽ የሚቀንስ ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። መስኩ ወደ ታች ሲወርድ ይደክማል፤ መልሱም ወደ ላይ ሲወጣ እንደ ገና ይደክማል። ስለዚህ ትንሽ ዕቃ ከኮይሉ ርቆ በእጥፍ ጥልቀት ሲቀበር መልሱ በግምት 64 ጊዜ ያንሳል። በማስታወቂያ ላይ «ጥልቅ ይሰማል» የሚል ቃል ባያችሁ ጊዜ ይህን ቁጥር አስታውሱ።

ስለ ኮይሎች

በጀማሪ መሣሪያዎች ላይ በብዛት የሚገኙት ኮይሎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ትንሹ ጥቅል በትልቁ ክብ ጥቅል መካከል የተቀመጠበት ነው፤ ኮንሴንትሪክ ይሉታል። መስኩ እንደ ተገለበጠ ቁንጮ ነው፤ ከላይ ሰፊ፥ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ። ጥቅሙ ዕቃው ያለበትን ነጥብ በትክክል ማሳየቱ ነው፤ ድምፁ የሚበረታው ዕቃው ከመካከሉ በታች ሲሆን ነውና። ጉዳቱ ደግሞ ብዙ አፈር በአንድ ጊዜ ስለሚያይ፥ አፈሩ ራሱ የብረት ማዕድን ያለበት ከሆነ ይታወካል።

ሁለተኛው ዲዲ የሚባለው ነው። ሁለቱ ጥቅሎች እንደ ላቲኑ ዲ ፊደል ጀርባ ለጀርባ ሆነው መካከል ላይ በጥቂቱ ይደራረባሉ። መስኩ ከፊት ወደ ኋላ እንደ ቢላዋ ስለት ቀጭንና ረዥም ነው፤ በእያንዳንዱ ጥረጋ የሚያየው አፈር ጥቂት ነው። ስለዚህ በቀይ አፈርና በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ከመጀመሪያው ይልቅ ይረጋጋል፤ አንድ ጥረጋም ከሌላው ብዙ ሳይደራረብ መሬቱን ይሸፍናል። ነጥቡን ለመለየት ግን ከሁለት አቅጣጫ በመስቀል ቅርጽ መጥረግ ያስፈልጋል።

የኮይሉ ስፋትም የራሱ ዋጋ አለው። ሰፊ ኮይል ለትልቅ ዕቃ ጥልቀት ይሰጣል፤ ለደቃቅ ዕቃ ግን ጆሮው ይደነቁራል፤ በቆሻሻ ብረት በተሞላ ቦታም ሁለት ሦስቱን ዕቃ አንድ አድርጎ ያሰማል። ትንሽ ኮይል የዚህ ተቃራኒ ነው። ለሁሉ የሚሆን ኮይል የለም፤ አንድ ሰው በአንድ ወንፊት ጤፍም ባቄላም ሊነፋ እንደማይችል ማለት ነው።

ለገበያ ከቀረቡት መካከል ጥቂቶቹን እናንሣ። ጋሬት የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ኤስ 200 የሚለውን መሣሪያ 16 በ23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ ኮንሴንትሪክ ኮይል ጋር ይሠራል፤ ድግግሞሹ 6.5 ኪሎ ኸርዝ ነው። ኤስ 300 በ8 ኪሎ ኸርዝ ይሠራል፤ ኮይሉ ያው ዓይነት ሆኖ ጥቂት ይሰፋል። ኤስ 400 ወደ 10 ኪሎ ኸርዝ ከፍ ይልና ዲዲ ኮይል አለው። በሦስቱም የአፈሩ ማስተካከያ በፋብሪካ የተወሰነ ነው፤ ተጠቃሚው እንደየአገሩ አፈር ሊለውጠው አይችልም። የኖክታው ሲምፕሌክስ ፕላስ በ12 ኪሎ ኸርዝ የሚሠራ ሲሆን 28 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዲዲ ኮይል አለው፤ ተጠቃሚውም ለአፈሩ ሊያስተካክለው ይችላል፤ ውኃም አያስገባም። የሚንላብ ቫንኩዊሽ ደግሞ በአንድ ጊዜ በብዙ ድግግሞሽ ይሠራል። ከ100 ዶላር ጥቂት ከፍ ብሎ እስከ 400 ዶላር ገደማ ባለው ዋጋ ውስጥ፥ በእኛ አገር ቀይ አፈር ላይ ዲዲ ኮይልና የአፈር ማስተካከያ ያለው ይሻላል ባዮች ነን። የባትሪውም ነገር አይናቅ፤ ጋሬትና ቫንኩዊሽ በየሱቁ በሚገኘው ትንሽ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ፤ ሲምፕሌክስ ግን ቻርጅ ይፈልጋል። መብራት በማይገባበት ቀበሌ ይህ ልዩነት ከኮይሉ ልዩነት ይበልጣል።

ደግሞም የአንዱ ፋብሪካ ኮይል ለሌላው አይሆንም፤ መሰኪያው ቢገጥም እንኳ ጥቅሉ ከመሣሪያው ጋር ተስተካክሎ የተሠራ ነውና። «ርካሽ ኮይል አገኘን፥ እንላክላችሁን?» ብላችሁ የጠየቃችሁን መልሱ ይህ ነው።

በግቢያችን ያደረግነው ሙከራ

ጦርነት ባልደረሰበት በግቢያችን ቀይ አፈር ውስጥ የአንድ ብር ሳንቲም፥ የለስላሳ ቆርኪ፥ የአሥር ሴንቲ ሜትር ምስማር፥ የሲጋራ ብር ወረቀትና አሮጌ ማረሻ ቀበርን። በመጨረሻም ከእስክሪብቶ ውስጥ ያወጣናትን ስፕሪንግ ቀበርን። ስፕሪንጓን የመረጥናት በምክንያት ነው፤ ኋላ እንደርስበታለን። መሣሪያዎቹ አንዱ ኮንሴንትሪክ፥ ሌላው ሰፊ ዲዲ ኮይል ነበራቸው፤ ተጨማሪው ኮይል የዲዲው መሣሪያ ሲሆን መዳፍ የሚያህል ነው። ማን እንደ ሠራቸው መናገር አያስፈልገንም፤ ሁለቱም የተሠሩበትን ሥራ በሚገባ ይሠራሉ።

ማረሻውን ሁለት ስንዝር ቀብረነው ሁሉም ጮኹ። ሳንቲሙን በአንድ ስንዝር ጥልቀት ዲዲው ሰማ፤ ኮንሴንትሪኩ አንዴ ይሰማል፥ አንዴ ይተዋል። ቆርኪውን ሁለቱም ሳንቲም ነው አሉ፤ ይህን ደስ ብሎን አላየነውም፤ ለአንድ ቆርኪ ግማሽ ሜትር የቆፈረው ወጣት ባልደረባችን ግን እስከ ዛሬ ይሳቅበታል። አንድ ጥቁር ድንጋይም እንደ ብረት ጮኸ፤ በውስጡ የብረት ማዕድን ስላለ ነው። ስፕሪንጓን በአራት ጣት ጥልቀት ስንቀብራት ኮንሴንትሪኩ ፈጽሞ ዝም አለ፤ ሰፊው ዲዲ ከሦስት ጥረጋ በአንዱ አጉረመረመ፤ ትንሹ ኮይል የሰማት ወደ ሁለት ጣት ካቀረብናት በኋላ ነው።

ቀጥሎ መሣሪያዎቹን «ሳንቲም ብቻ» ወደሚለው አሠራር አዞርናቸው። ይህ አሠራር የተፈጠረው ለመዝናኛ በአሮጌ መንደርና በባሕር ዳርቻ ሳንቲምና ቀለበት ለሚፈልጉ ሰዎች ነው፤ ዝገት ምስማር እንዳያስቸግራቸው መሣሪያው ለብረት ዝም እንዲል ተደርጓል። ምስማሩን ከአፈሩ አውጥተን በሣሩ ላይ አስቀመጥነው። ሳህኑ በላዩ ሲያልፍበት መሣሪያው ዝም አለ።

ፈንጂና የእስክሪብቶ ስፕሪንግ

በኤል አላሜይን ዘመን አብዛኛው ፀረ ታንክ ፈንጂ የብረት ቅርፊት ነበረው። በኋላ ግን ጠቋሚ መሣሪያ እንዳያገኛቸው ታስቦ አካላቸው ከፕላስቲክ የተሠሩ ፈንጂዎች መጡ። ከእነዚህ በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ብረት ከአንድ ግራም ያነሰ ነው፤ መቺ መርፌና ትንሽ ስፕሪንግ ብቻ። ያውም ብዙውን ጊዜ ብረት ነው፤ የጀማሪው መሣሪያ ዝም እንዲል የተሠራለት ያ ብረት።

አገራችን በዚህ ጉዳይ አዲስ አይደለችም። ከኢጣልያ ወረራ ጀምሮ፥ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1978 በኦጋዴን፥ ከ1998 እስከ 2000 በኤርትራ ድንበር የተደረጉት ጦርነቶች ፈንጂ ትተው አልፈዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣውን ፀረ ሰው ፈንጂን የሚከለክል የኦታዋ ስምምነት በ2004 አጽድቃለች። የተቀበረው ግን ስምምነት አይሰማም፤ ተቆጥሮ መውጣት አለበት።

ባለሙያዎቹ የሚይዙትም መሣሪያ በመስክ አሠራሩ ከእኛው ጋር የተዛመደ ነው፤ ልዩነቱ እጅግ ደቃቅ ብረት በከባድ አፈር ውስጥ እንዲሰማና ምንም ብረት እንዳያሳልፍ ተብሎ መሠራቱ ነው። ከመሣሪያውም ይልቅ ሥርዓቱ ይበልጣል። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት መሣሪያው በዚያው አፈር ላይ የታወቀ ናሙና መስማቱን ይፈትናሉ። መከላከያ ልብስና የፊት መሸፈኛ ለብሰው አንድ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው መተላለፊያ ጣት በጣት ይሄዳሉ። የተሰማው ሁሉ ምን እንደ ሆነ ሳይታወቅ አይታለፍም፤ አንድ ፈንጂ እስኪገኝ ብዙ መቶ የጥይት ቀለህና የቆርቆሮ ቁራጭ ሊወጣ ይችላል። የጸዳውን ቦታ ሌላ ሰው እንደ ገና ይፈትሸዋል። አንዳንድ ጊዜ ውሻ፥ በሞዛምቢክም እንደ ተደረገው የሠለጠኑ ትልልቅ አይጦች የፈንጂውን ሽታ ስለሚለዩ የሰውን ጆሮ ያግዛሉ፤ ያች አገር እ.ኤ.አ. በ2015 ከታወቀ ፈንጂ ነጻ መሆኗን አስታውቃለች። ሥራው ከ20 ዓመት በላይ ወስዷል። በተጨማሪም መግነጢሳዊ ለውጥ ብቻውን የሚያፈነዳቸው አንዳንድ ፀረ ተሽከርካሪ ፈንጂዎች አሉ፤ እነዚህን በማይሆን መሣሪያ መፈለግ ራሱ መንካት ነው።

አንድ አባት የጠየቁን

ባለፈው ዓመት በጦርነቱ ቀጣና ወዳለ አንድ ቀበሌ ዘር ልናከፋፍል ሄድን። ከመሣሪያዎቹ አንዱ በመኪናችን ውስጥ ነበር። አንድ ሽማግሌ አባት አዩትና ምን እንደ ሆነ ጠየቁ፤ ነገርናቸው። ሦስት ጥማድ መሬታቸው ምሽግ ተቆፍሮበት ስለ ነበረ ሁለት ክረምት ሳይታረስ አድሯል፤ ከተቀበለው ዘር ድርሻቸውን ይዘው የሚዘሩበት አጥተው ቆመዋል።

«እንግዲያው ልጆቼ፥ ነገ ማለዳ መጥታችሁ ብትዞሩበት ምን ይላችኋል?» አሉን።

«አባባ፥ ይህ መሣሪያ ዝም ቢል መሬቱ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም» አልናቸው።

«እናንተ ከፈራችሁ ለእኔ ስጡኝ። እኔ እንደ ሆንኩ አርጅቻለሁ፤ የሚያርሰው ልጄ ነው።»

ምን እንደምንመልስ ጨነቀን። ነገሩን በቃል ማስረዳት ስላልሆነልን፥ አንዱ ባልደረባችን ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ስፕሪንጓን ነቀለና በዘር መጋዘኑ ደጃፍ በተነፋ አሸዋ ውስጥ ቀበራት። መሣሪያውን ሰጠናቸው። ዘንጉን ይዘው በጥንቃቄ፥ ከእኛ ይልቅ በቀስታ ጠረጉ። አንድ ጊዜ፥ ሁለት ጊዜ፥ ሦስት ጊዜ። ምንም አልተሰማም። ባልደረባችን አሸዋውን በጣቱ ገለጥ አድርጎ ስፕሪንጓን በመዳፋቸው ላይ አኖራት። ወደ ፀሐይ አዙረው ተመለከቷትና «ይህች ናት?» አሉ። መሣሪያውን መለሱልን።

ወገኖች ሆይ፥ ዝም ያለ መሣሪያ ለእኚህ አባት «እረስ» ብሎ እንደሚነግራቸው አስቡ። ምንም መሣሪያ የሌለው ገበሬ ቢያንስ መፍራቱን ያውቃል።

ታዲያ ለምን ይበጃል?

የተላኩልንን ሁለቱን መሣሪያዎች አልጣልናቸውም። ጦርነት ባልነካቸው ወረዳዎች በሚደረገው የውኃ ሥራችን እጅግ ጠቅመውናል። ከብዙ ዓመት በፊት የተቀበረ የምንጭ ቧንቧ የመዝጊያው ክዳን የት እንዳለ የሚያውቀው ሽማግሌ ሲሞት፥ ቦታውም አብሮት ይጠፋል። ቀድሞ ቀኑን ሙሉ በዶማ ስንፈልግ እንውል ነበር፤ አሁን የብረት ክዳኑን ሰፊው ኮይል ቶሎ ያገኘዋል። የፕላስቲኩን ቧንቧ ግን መሣሪያው አያየውም። ስለዚህ አዲስ የፕላስቲክ ቧንቧ ስንቀብር አንድ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ከላዩ እናስተኛለን፤ ከእኛ በኋላ የሚመጡት በዚያ ይፈልጉታል። ከፈረሰ ቤት የወጣ ጣውላ ወደ መሰንጠቂያ ከመግባቱ በፊት ትንሹን ኮይል እናሳልፍበታለን፤ አንድ የተደበቀ ምስማር የመጋዝ ጥርስ ይሰብራል። የእጅ ፓምፕ ሲጠገን በሣር ውስጥ የወደቀ ብሎንና ቁልፍም እናገኝበታለን። የኤልሳዕ ደቀ መዝሙር የተዋሰው መጥረቢያ ውኃ ውስጥ በወደቀ ጊዜ መሣሪያ አላስፈለገውም፤ እኛ ግን የተዋስነውን የውኃ ጽሕፈት ቤት ቁልፍ በዚህ አግኝተን መልሰናል።

በምዕራብና በደቡብ ወርቅ በሚታጠብባቸው አካባቢዎች ያሉ ወጣቶችም ይጠይቁናል። አጭር መልሳችን ይህ ነው፦ በ6.5 ወይም በ8 ኪሎ ኸርዝ የሚሠራ የጀማሪ መሣሪያ ለደቃቅ ወርቅ ደካማ ነው። ለዚያ የተሠሩት ከፍ ባለ ድግግሞሽ፥ ለምሳሌ በ45 ኪሎ ኸርዝ የሚሠሩ፥ ወይም ፐልስ የሚባለውን ሌላ ዘዴ የሚጠቀሙ ናቸው፤ የኋለኞቹም ዋጋቸው ብዙ ነው። ተበድሮ የጀማሪ መሣሪያ መግዛትን አንመክርም።

ወደ አሥሩ መሣሪያ እንመለስ። ከኅብረቱ ጋር ተጻጽፈን በዚህ ተስማምተናል፦ ለውኃ ሥራችን የአፈር ማስተካከያና ዲዲ ኮይል ያለው አንድ ብቻ ከትርፍ ትንሽ ኮይልና ከኮይል መሸፈኛ ጋር ይገዛል። የቀረው ገንዘብ ልጆች ያልታወቀ ነገር እንዳይነኩና ያዩትን ለአዋቂ እንዲናገሩ በየትምህርት ቤቱና በየአብያተ ክርስቲያናቱ ለሚሰጠው ትምህርት፥ ለተጎዱትም ሕክምና ይውላል። ወደፊት ማንኛውንም እንዲህ ያለ መሣሪያ ለመላክ ስታስቡ አስቀድማችሁ ጻፉልን፤ ፈቃዱን ሳንጠይቅ በሻንጣ አትላኩ።

ኮይሉን ለምትይዙ ባልደረቦቻችንም አንድ ቃል፦ ገመዱን በዘንጉ ላይ አጥብቃችሁ ጠቅልሉት፤ የላላ ገመድ ሲወዛወዝ መሣሪያው በሐሰት ይጮኻል። በመሸፈኛውና በኮይሉ መካከል የሚገባውን ቀይ አፈርም በየማታው አራግፉ።

የእኚያን አባት ማሳ ለወረዳው አስታውቀናል። ባለሙያዎች እስኪመጡ ድረስ ዙሪያው በእሾህ ታጥሮ፥ ማዕዘኖቹ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ድንጋይ ተደርጎበታል። ዘራቸውን በዚህ ክረምት በዘመድ መሬት ላይ በእኩል ዘርተውታል። በጸሎታችሁ አስቧቸው።